የድሮው ፋይል ፊደል ሲያጣ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ የጽሕፈት ቤት አለኝ። የሠርግ ካርድና የዕድር ደረሰኝ ፐብሊሸር በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም እሠራለሁ። ከቀድሞው ባለቤት በተረከብኩት ኮምፒውተር ላይ ፔጅሜከር በሚባል የድሮ ተመሳሳይ ፕሮግራም የተሠራ ፋይል ሞልቷል፤ ደንበኛው «ያንኑ የድሮውን ድገምልኝ» እያለ ይመጣል። ባሕር ዳር ያለው ማተሚያ ቤት ደግሞ «ኢንዴዛይን በሚባለው ፕሮግራም ካልተሠራ አታምጣ» ይለኛል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከፕሮግራሙ በፊት ስለ ፎንቱ፣ የፊደሉን ቅርጽ ስለያዘው ፋይል፣ አስብ። እኔን ጉድ የሠራኝ እሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ስሠራ የአንድ ዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ 48 ገጽ፣ በፔጅሜከር ጨርሼ በፍላሽ ባሕር ዳር ይዤ ሄድኩ። ማተሚያ ቤቱ ሲከፍተው «አንቀጽ 1» በነበረበት ቦታ የላቲን ፊደልና ቅንፍ ተደርድሯል። ፋይሉን እንጂ ፎንቱን አልገለበጥኩም! ተመልሼ አመጣሁት። የእንጅባራን ብርድ ደጋግሜ ቀመስኩት።

ፔጅሜከር ዩኒኮድን፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠውን የኮምፒውተር ሥርዓት፣ አያውቅም። የያኔዎቹ የግዕዝ ፎንቶች «ሀ»ንም «ለ»ንም በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። ስለዚህ ኢንዴዛይን ፋይሉን ቢከፍትልህም ጽሑፉ ያው የድሮው ነው። የአንድ ገጽ ካርድ ከሆነ ወደ ዩኒኮድ ከመቀየር እንደገና መጻፉ ይፈጥናል።

ፔጅሜከር በ7.0 ቆሟል፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው። ፋይሉን የሚከፍቱልህ ሲኤስ6 እስከሚባለው እትም ያሉት አሮጌ ኢንዴዛይኖች ናቸው፤ አዲሶቹ አይከፍቱም። ያንን አሮጌ ኮምፒውተር እንዳትሸጠው፤ ፎርማትም እንዳታደርገው።

ፐብሊሸርን ተወው። ፋይሉን ኢንዴዛይን አይከፍተውም፤ ሠሪው ማይክሮሶፍትም ከኦክቶበር 2026 በኋላ ድጋፉን ያቆማል። ያሉህን ሥራዎች ካሁኑ ወደ ፒዲኤፍ ቀይራቸው።

ኢንዴዛይን በኪራይ ነው፣ ያውም በዶላር። ለካርድና ለደረሰኝ ብቻ ከሆነ እኔ አልከፍልም። ስክሪበስ የሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ጥሩ ፒዲኤፍም ያወጣል። ማተሚያ ቤቱን «ፎንቱ የተካተተበት ፒዲኤፍ ትቀበላላችሁ?» በላቸው። አብዛኛው «ኢንዴዛይን አምጣ» የሚለው እዚያው ማረም እንዲመቸው ነው።

እምቢ ካሉና ኢንዴዛይን ከያዝክ ደግሞ የእነሱ ስንተኛው እትም እንደሆነ ጠይቅ። በአዲሱ የተሠራውን አሮጌው አይከፍተውም። ያኔ አሮጌ ኢንዴዛይንም በሚከፍተው፣ አይዲኤምኤል በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጠህ ላክላቸው፤ ከሲኤስ4 እትም ጀምሮ ይከፈታል። ፎንቱንም እዚያው ፎልደር ውስጥ ጨምርበት።