ሰማያዊ እሳት የሚረጭ ግራይንደር

ጥያቄው በርና መስኮት ከሚሠራ የአዳማ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ በርካሽ የገዛሁት ትንሹ ግራይንደር ከውስጡ ሰማያዊ እሳት ይረጫል። ይሸታል። ጭንቅላቱን ስነካው ይነዝረኛል። ካርቦን አስቀየርኩ፣ ጭራሽ ባሰበት። ወፍራም ቱቦላሬ ስለምቆርጥ ጋርዱን ፈትቼ የ230 ዲስክ ነው የማስርበት።»

ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የነገርከኝ። ካርቦኑን፣ ለሚዞረው ሞተር ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ቁራጭ፣ እርሳው። እኔ የምጠረጥረው የኋላውን ኩሽኔታ ነው፤ የጨረሰው ደግሞ ዲስክህ ነው። ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት ያን ዲስክ አውጣና ጋርዱን፣ የዲስኩን መከለያ፣ መልስ።

ትንሹ ማሽን ባዶውን በደቂቃ 11,000 ዙር ያህል ይዞራል። የራሱ የ115 ሚሊሜትር ዲስክ እስከ 13,300 ድረስ ይችላል፤ የ230ው ግን ከ6,600 ብዙም አያልፍም። ዲስክ ላይ ቁም ነገሩ የጠርዙ ፍጥነት ነው። ሁለቱም ጠርዛቸው በሰከንድ 80 ሜትር እንዲሄድ ነው የተሠሩት። ትልቁ በአንድ ዙር እጥፍ መንገድ ስለሚሄድ፣ አንተ ማሽን ላይ 132 ሜትር ይደርሳል። በሰዓት ከ470 ኪሎሜትር በላይ ማለት ነው። ዲስኩን ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ከታሰበለት 2.7 እጥፍ ያህል እየተሸከመ ነው። ሲፈነዳ ፊትህና እሱ መሀል ምንም የለም። ጋርዱን ፈትተኸዋላ!

ሞተሩም ከአቅሙ በላይ ሲታገል ይግላል፤ ኩሽኔታው ይላላል፣ አርማቸሩ (የሚዞረው የሞተሩ ክፍል) ይንቀጠቀጣል፣ ካርቦኑ እየዘለለ እሳት ይረጫል። ነዘሩ የብረትና የካርቦን ብናኝ ውስጥ ስለተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። እስኪጣራ ድረስ አትሥራበት።

ሶኬቱን ነቅለህ ፍታው። በኮምፕሬሰር ንፋው። የአርማቸሩን ጫፍ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው፤ ከተጫወተ ኩሽኔታው አልቋል። አሮጌው ላይ ቁጥሩ አለ፣ ብዙ ጊዜ 607 ወይም 627 ነው። በጎማ የተሸፈነውን ግዛ፤ የብረት ክዳን ያለው ብናኝ ያስገባል። ካርቦኑን የቀየረልህ ሰውዬ ትልቅ ካርቦን በሞረድ አሳንሶ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህ ሥራ ሰልችቶኛል። ካርቦን ቤቱ ውስጥ ሳይጣበቅ ሳይወዛወዝም መንሸራተት አለበት።

ከዚያ ቴስተር አምጣ። ከኮሙቴተሩ (አርማቸሩ ላይ ካርቦኑ የሚነካው ቀለበት) መዳብ ወደ መሀሉ ብረት የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ወይም ከተገጠመ በኋላ እሳቱ ኮሙቴተሩን ዙሪያውን ከዞረ፣ አርማቸሩ ሞቷል። ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ሽቦውን እንደገና ማስጠቅለል ብር መጣል ነው።

አዲስ ከገዛህ፣ ላዩ ላይ በተጻፈው ዋት አትታለል። 1,200 ብለው ይለጥፉበታል፣ ስታነሳው ላባ ነው፤ መዳቡን ቆጥበውበታል። የዲስኩን መሀል ቀለበትም እይ፣ የማብቂያ ወርና ዓመት ታትሞበታል። የሌለበትን ለሻጩ መልስለት።

ለወፍራሙ ቱቦላሬ ትልቅ ዲስክ አያስፈልግህም። በሞርሳ አጥብቀህ እሰረው፣ በ1 ሚሊሜትር ዲስክ አንዱን ጎን ቁረጥ፣ አዙር፣ ቀጥል። በአራት ጎን ያልቃል። ጋርዱ ታስሮ!