ቡሄ መጣ፣ ዝናቡስ?

የዚህ ሳምንት ጥያቄ ሁሉ ስለ ሰማይ ነው። ምን ይደረግ፣ ወቅቱ ነው። ይህን ስጽፍ በራችን ላይ ልጆች ላስቲክ ተከናንበው ሆያ ሆዬ ይላሉ።

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት ይባላል። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» የስድስት ኪሎ አንባቢ ነው። ጫማው መበስበሱን ሁለት ጊዜ ጽፎልኛል።

ተረቱ አልዋሸም፣ ትንሽ ቸኩሏል እንጂ። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ለአዲስ አበባ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ዋነኞቹ የዝናብ ወራት ናቸው። ዝናቡን የሚያመጣው፣ ምድርን እንደ ቀበቶ የከበበው የደመና መስመር ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ይመለሳል። እኛን ተሰናብቶ የሚሄደው መስከረም ውስጥ ነው። ቡሄ ላይ ገና ጫማውን እያሰረ ነው። ያንተን ጫማ ግን እሳት ዳር አታድርቀው፣ ይሰነጠቃል።

አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጇን ጥያቄ ልካለች። ፀሐይ እያለ ሲዘንብ እውነት ጅብ ትወልዳለች ወይ?

ጅቧን ጠይቄ አላውቅም። ፀሐይዋን ከጀርባሽ አድርገሽ ቁሚ፣ ቀስተ ደመናውን ታገኚዋለሽ።

ሜክሲኮ አካባቢ የሚሠራ ወጣት ተናዷል። ስልኩ «ፀሐይ» ብሎት ዣንጥላ ሳይዝ ወጣ፣ ዶፍ ወረደበት። ቦሌ ያለው ወንድሙ ግን ጠብ አላለም ይላል። ማን ዋሸ?

ማንም። ጠዋት ፀሐይዋ መሬቱን ታሞቃለች። እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይነሳል፣ የእንጦጦ ተራራም ሽቅብ ይገፋዋል። እኩለ ቀን ላይ ደመናው ይከመራል፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ይለቀዋል። እንዲህ ያለው አንድ ደመና ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። አንተን አጥቦ ወንድምህን ይዘለዋል። የሜትሮሎጂ ሰዎች «በአንዳንድ ቦታዎች» ሲሉ እንስቃለን እንጂ ትክክሉ እሱ ነው። ዣንጥላህን ያዝ።

ከቀበና የመጣው ደብዳቤ ረጅም ነው፤ ላሳጥረው። «20 ሚሊ ሜትር ዘነበ ተባለ። ይሄ እኮ ሁለት ሴንቲ ነው! ጎርፉ ታዲያ እንዴት ደጃፌ ገባ?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ቆርቆሮዎ 60 ካሬ ቢሆን፣ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1,200 ሊትር ይወርድበታል። ስድስት በርሜል ማለት ነው። የጎረቤትዎ ሌላ ስድስት፣ ከእሳቸው በላይ ያሉት ሌላ ስድስት። ይህ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ቢወርድ የሚያስተኛ ነው። በግማሽ ሰዓት ሲወርድ ግን የሚሄድበት ያጣል። ድሮ ግቢው ሣርና አፈር ስለነበር ድርሻውን ይጠጣ ነበር። አሁን ሁላችንም ግቢያችንን ሲሚንቶ አድርገነዋል።

ደግሞ ከተማችን ተዳፋት ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቦሌ 2,300 ገደማ። የቀበናም የግንፍሌም ወንዞች ከሰሜን ከተራራው በኩል ነው የሚወርዱት። ስለዚህ እርስዎ ጋ ሳይዘንብ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ላይ እንጦጦ ከጠቆረ ልጆቹን ከወንዙ ዳር ያርቁ። ሞልቶ የሚሮጥ ውሃ ጉልበት ድረስ እንኳ ቢሆን አይሻገሩት፣ ሰው ይጥላል።

ቦዩን በፌስታልና በሃይላንድ የሚደፍኑትን ልወቅስ ነበር፤ አፍ የለኝም። አጥር ያሳደስኩ ዓመት የተረፈውን አሸዋ በር ላይ ትቼ፣ የመጀመሪያው ዶፍ ጠርጎ ቦዩ ውስጥ ከተተው። ውሃው ታች ያሉ ጎረቤቴ ሳሎን ገባ። ምንም አላሉኝም። ለሁለት ሳምንት ቡና አልጠሩኝም እንጂ።

ለወረዳዎ ማመልከቱ አይከፋም፣ ያመልክቱ። እስከዚያው ግን አካፋ ይዘው ሳይዘንብ ጠዋት ይውጡ።

«ብርዱ አንገበገበን። ማታ የከሰል ማንደጃውን መኝታ ቤት እናስገባለን። ነሐሴ ከታኅሣሥ ይበርዳል እንዴ? ልጄም ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል።»

እህቴ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ መጻፍ ነበረብሽ። ማንደጃውን ዛሬውኑ አውጪ። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለው። ሽታ የለውም፣ በእንቅልፍ ይገድላል። ራስ ምታቱ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ልጅሽን ዛሬ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ ስለ ከሰሉም ለሐኪሙ ንገሪው። «ብርድ መትቷት ነው» ቢልሽ ማንም፣ አትስሚ።

ስለ ብርዱ፣ የታኅሣሥ ሌሊት ይብሳል። አሁን ደመናው እንደ ጋቢ ሸፍኖናል፤ ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ስለሚራቆት የመሬቱ ሙቀት ሌሊቱን ሽቅብ ያመልጣል። የክረምቱ ብርድ የሚሰማን በቀን ፀሐይ ስለምናጣና ልብሳችን ስለማይደርቅ ነው።

ቀይ ልብስና ሞባይል መብረቅ ይስባሉ ወይ?

አይስቡም። መብረቅ የሚወደው ረጅም ነገር ነው፤ ስለዚህ ባሕር ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ግን ቤት ግቡ፣ መቁጠሩን ተዉት። የተመታ ሰው ኤሌክትሪክ አይዝም፣ ንኩት፣ ወደ ሆስፒታል አሩጡት።

«ቅዳሜ ልብስ ልጠብ?»

1 ሰዓት ላይ እጠቢ፣ 6 ሰዓት ላይ ሰብስቢ። ብርድ ልብሱን ለመስከረም አቆዪው።