ባለ 16 ጊጋ ባይት ላፕቶፕ የትኛውን የቋንቋ ሞዴል ይችላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ ማሳጠርና መተርጎም ነው፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ይመጣልኛል። ሰነዶቹ ምስጢር ስለሆኑ ኢንተርኔት ላይ ላለ ኤአይ መስጠት አልችልም። ላፕቶፔ 16 ጊጋ ባይት ራም አለው፤ የግራፊክስ ካርዱ የራሱ 6 ጊጋ ባይት ሜሞሪ አለው። ሞዴሎችን በፈተና በሚያወዳድረው የደረጃ ሰንጠረዥ አናት ላይ ከሚወጡት አንዱን፣ ባለ 32 ቢሊዮን ፓራሜትሩን ጫንኩ፤ ማሽኑ ተንቀራፈፈ፣ አንዲት የአማርኛ ቃል ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ ፈጀ። ተናድጄ ባለ 1 ቢሊዮኑን ሞከርኩ፤ እሱ ይፈጥናል፣ የሚጽፈው ግን ወሬ ብቻ ነው። ባለ 8 ቢሊዮኑ ደህና ነበር፤ ግን ረጅም ቃለ ጉባኤ ስሰጠው የመጨረሻዎቹን ገጾች ብቻ አሳጥሮ ይመልስልኛል። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። የገጠሙዎት ሦስት ችግሮች ምንጫቸው ለየብቻ ነው፤ አንዱም የላፕቶፕዎ ብልሽት አይደለም። ሦስተኛው እንዲያውም የሞዴሉም ጥፋት አይደለም፤ አንድ ቁጥር በመቀየር የሚስተካከል ነው። የደረጃ ሰንጠረዡን ግን ለጊዜው ይርሱት። ሰንጠረዡ የእርስዎን ራም አያውቅም፣ ፈተናውም በአብዛኛው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ኮድ ነው። የትኛው ይሻላል ከማለት በፊት የትኛው ይገባል ማለት ይቀድማል።

ሞዴል ማለት የቁጥር ክምር ነው። ባለ 8 ቢሊዮን ሲባል 8 ቢሊዮን ቁጥር አለው ማለት ነው፤ ፓራሜትር የሚባለው እያንዳንዱ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ሳይነካ በ16 ቢት ማለትም በ2 ባይት ከተቀመጠ ፋይሉ 16 ጊጋ ባይት ይሆናል፤ የእርስዎ ራም እዚያው ላይ አለቀ። ስለዚህ ቁጥሮቹን አጠጋግቶ በ8፣ በ5 ወይም በ4 ቢት ማስቀመጥ ተለመደ፤ ኳንታይዜሽን የሚሉት ይህንን ነው። ጂጂዩኤፍ በሚባሉት የሞዴል ፋይሎች ስም ላይ ኪው8፣ ኪው5፣ ኪው4 እያለ የሚመጣው ያ ነው። እኔ በእጄ የያዝኩት ስሌት ቀላል ነው፦ ለ4 ቢት ፋይል የፓራሜትሩን ቢሊዮን በ0.6 ያባዙ። 8 ቢሊዮኑ 4.8 ጊጋ ባይት ይመጣል፤ የሜታው ላማ 3.1 ባለ 8 ቢሊዮን ፋይል በእርግጥም 4.9 ነው። 32 ቢሊዮኑ ከ19 በላይ ይሄዳል።

አሁን የመጀመሪያው ችግርዎ ግልጽ ሆነ። ከ16 ጊጋ ባይቱ ራም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙና የተከፈቱት ፕሮግራሞች 4 ያህሉን ይወስዳሉ። የቀረው 12 ነው፤ ፋይሉ ግን ወደ 20 ነው። ግራፊክስ ካርዱ ካልታገዘበት የተረፈው 8 ጊጋ ባይት ዲስኩ ላይ ይቀራል። ሞዴሉ ደግሞ አንዲት ቶከን፣ ማለትም አንዲት የቃል ቁራጭ፣ በጻፈ ቁጥር ከላይ እስከ ታች መላውን ክምር ማንበብ አለበት። ዲስክዎ በሴኮንድ 3 ጊጋ ባይት የሚያነብ ጥሩ ኤስኤስዲ ቢሆን እንኳ ለእያንዳንዷ ቶከን 3 ሴኮንድ ያህል ሄደ። አንድ የአማርኛ ቃል ደግሞ ስምንትና ዐሥር ቶከን ሊሆን ይችላል። ግማሽ ደቂቃዎ ከዚያ መጣ።

ፍጥነት እንዲሁ በግምት ቀድሞ ይታወቃል፦ የሜሞሪውን የማንበብ ፍጥነት ለፋይሉ መጠን ያካፍሉ። ዲዲአር4 3200 የሚባለው ራም ሁለት ሆኖ ሲሰካ በሴኮንድ 51.2 ጊጋ ባይት ያስተላልፋል። በ4.9 ሲካፈል 10 ቶከን ነው፤ ከዚያ በላይ አይጠብቁ፣ በተግባር ትንሽ ያንሳል። አንድ ብቻ ከተሰካ ግን ግማሹ፣ 25.6 ነው፤ 5 ቶከን። ብዙ ላፕቶፖች 16ቱን ጊጋ በአንድ ራም ይዘው ነው የሚሸጡት፤ የላፕቶፑ ባለቤት ግን «ሞዴሉ ቀርፋፋ ነው» ይላል። የዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ከፍተው ስንት ማስገቢያ እንደተያዘ ይዩ። የግራፊክስ ካርድ ሜሞሪ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ከሞዴሉ የቻልነውን ያህል ወደ ካርዱ መጫን ነው ብልሃቱ። የሞዴል ቁጥሮች በድርብርብ የተከፋፈሉ ናቸው፤ ላማ 3.1 ባለ 8 ቢሊዮኑ 32 ድርብርብ አለው፤ 26ቱን ካርዱ ላይ ቢያስቀምጡ 4 ጊጋ ባይት ያህል ይይዛል፣ ስድስቱ ራም ላይ ይቀራሉ። ሞዴል በራስ ማሽን ላይ ከሚያስኬዱት ፕሮግራሞች አንዱ በሆነው ኤልኤም ስቱዲዮ ውስጥ ይህን በማንሸራተቻ ያስተካክሉታል፤ ሌላው፣ ኦላማ፣ በራሱ ይመድባል።

«6 ጊጋ ካርድ አለኝ፣ 4.9 ፋይል ነው፣ ለምን ሁሉንም አልጭነውም?» ማለትዎ አይቀርም። ሦስተኛው ችግርዎ እዚህ ጋ ነው ያለው፤ ሰው ሁሉ የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው።

ሞዴሉ እያነበበ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ በአእምሮው መያዝ አለበት፤ መያዣውም ከራሱ ከሞዴሉ ውጭ ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ካርዱ ላይ ክፍት የተውነው ለእሱ ነው። ላማ 3.1 ባለ 8 ቢሊዮኑ ለአንዲት ቶከን 128 ኪሎ ባይት ይይዛል። ትንሽ ይመስላል። በ8,192 ቶከን ግን 1 ጊጋ ባይት ነው፤ በ32,768 ደግሞ 4 ጊጋ ባይት፤ «128 ሺህ ቶከን ያነባል» ተብሎ የተጻፈለትን ሙሉ ልክ ቢከፍቱለት 16 ጊጋ ባይት ለመያዣው ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ ፕሮግራሞቹ ማሽኑን ላለማነቅ መያዣውን ጠበብ አድርገው ይነሣሉ። የኦላማ መነሻ ለረጅም ጊዜ 2,048 ቶከን ነበር፣ ኋላ ወደ 4,096 ከፍ ብሏል። ከዚያ በላይ ሲሰጡት አልችልም ብሎ አይጮህም፤ መጀመሪያውን ቆርጦ ይጥልና በቀረው ላይ በድፍረት ይጽፋል። የእርስዎም ቃለ ጉባኤ የሆነው ይኸው ነው፦ ያልደረሰውን ገጽ ከየት አምጥቶ ያሳጥር?

አማርኛ ሲሆን ይብሳል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ነው። ሞዴሉ ሲሠለጥን አማርኛ እምብዛም ካላየ ቃሉን እንደ ቃል አያውቀውም፣ ባይት በባይት ይቆራርጠዋል። «ስብሰባ» አራት ፊደል ናት፤ ከከፋ 12 ቶከን ትሆናለች። እንግሊዝኛው አቻዋ ብዙውን ጊዜ አንድ ቶከን ነው። 250 ቃል ያለው የአማርኛ ገጽ በዚህ አያያዝ 3,000 ቶከን ሊያልፍ ይችላል፤ 4,096ቱ አንድ ገጽ ተኩል ሳይሞላ አለቀ ማለት ነው። ፍጥነቱም እንደዚያው ይወርዳል፤ በሴኮንድ 10 ቶከን የሚጽፍ ማሽን በእንግሊዝኛ ከአንባቢ እኩል ሲሄድ በአማርኛ በሴኮንድ አንድ ቃል ያንጠባጥባል።

ለዚህ ነው ለአማርኛ ሞዴል ስመርጥ ከብልሃቱ በፊት አቆራረጡን የማየው። የጉግሉ ጄማ 3 የቶከን መዝገቡ፣ ማለትም የሚያውቃቸው ቁራጮች ዝርዝር፣ 262 ሺህ ያህል ነው፤ የላማ 3 128 ሺህ፣ የአሊባባው ክዌን 3 ደግሞ 151 ሺህ ያህል። መዝገቡ ሰፊ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ነገር ግን ጄማ 3 ከ140 በላይ ቋንቋዎች እንዲያይ ተደርጎ የተሠለጠነ ነው፣ እኔም በአማርኛ ስጽፍበት ከእኩዮቹ ይልቅ ሰው የሚመስል ዐረፍተ ነገር ሲያወጣ ያገኘሁት እሱን ነው። በዚያ ላይ ከስድስት ድርብርቦቹ አምስቱ የቅርቡን 1,024 ቶከን ብቻ ስለሚያስታውሱ መያዣው ከላማ በጣም ያነሰ ነው፤ ለረጅም ሰነድ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ለእርስዎ የምለው፦ ለአማርኛው ሥራ ጄማ 3 ባለ 12 ቢሊዮኑን በ4 ቢት ይጫኑ። ፋይሉ 7.3 ጊጋ ባይት ግድም ነው፣ ምስል ማንበቢያው ሲጨመር 8። ግማሹ ካርዱ ላይ፣ ግማሹ ራም ላይ ይሁን፤ መያዣውን 16 ሺህ ቶከን ላይ ያድርጉት። አይበርም፣ ግን ይሠራል። ለእንግሊዝኛው ክዌን 3 ባለ 8 ቢሊዮኑ ይበቃል። እሱ ግን ከመመለሱ በፊት ለብቻው «የማሰብ» ልማድ አለው፤ በዚህ ማሽን ላይ ለአንድ ተራ ደብዳቤ ደቂቃዎች ሲያጉረመርም ይቆይብዎታል። ለማሳጠር ሥራ ማሰቢያውን ያጥፉት፣ ሒሳብ ወይም የተጠላለፈ ነገር ሲኖር ብቻ ያብሩት። ባለ 4 ቢሊዮኑን ጄማም ያውርዱት፤ እሱ ሙሉ በሙሉ ካርዱ ላይ ስለሚገባ ለአጭር ደብዳቤ ይፈጥናል። ባለ 1 ቢሊዮኖቹን ለትርጉም አይመኑ፤ ለሌላ ሥራ የተሠሩ ናቸው።

«12 ቢሊዮኑን አጠጋግቼ ከምጭን 4 ቢሊዮኑን ሳይነካ በ16 ቢት ብጭነውስ?» የሚል ሰው ብዙ ያጋጥመኛል። ሁለቱም 8 ጊጋ ባይት አካባቢ ናቸው። እኔ ሁልጊዜ ትልቁን በ4 ቢት ነው የምመርጠው። ከ4 ቢት በታች ግን አልወርድም፤ በ3 እና በ2 ቢት ላይ መጀመሪያ የሚጎዳው ሞዴሉ በደንብ ያልተማረው ቋንቋ ነው፣ ይኸውም የእኛው።

በእኔ የደረሰ አንድ ነገር ልንገርዎት። አንድ ጊዜ ሌሊት ሙሉ ያወረድኩትን ሞዴል «ይህን ደብዳቤ አሳጥርልኝ» ብለው «ይህን ደብዳቤ ተርጉምልኝ፣ ይህን ደብዳቤ አርምልኝ» እያለ ጥያቄዬን ማራባት ጀመረ። ተበላሽቷል ብዬ እንደገና አወረድኩት፤ ያው ነው። ለካስ ያወረድኩት ቤዝ የሚባለውን፣ ጽሑፍ መቀጠል እንጂ ትእዛዝ መቀበል ያልተማረውን ነበር። የፋይሉ ስም ላይ ኢንስትራክት ወይም ቻት የሚል ይፈልጉ፤ ጄማ አሳጥሮ «አይቲ» ይለዋል። ክዌን 3 ባለ 8 ቢሊዮኑ ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለውም፤ ቤዝ የሚል ከሌለበት ትክክለኛው ነው።

ከጫኑ በኋላ የሌላ ሰው ፈተና አይጠቀሙ። ቀድሞ በእጅዎ ያሳጠሯቸውን አምስት ሰነዶች ያውጡና ለሦስቱም ሞዴሎች በአንድ ዓይነት ቃል ይስጡ። የአጻጻፉን ማማር ተዉት፣ ሦስት ነገር ብቻ ይፈትሹ። አንደኛ ቁጥርና ቀን፦ 45 ሺህ 54 ሺህ እንዳይሆን። ሁለተኛ ጾታና ቁጥር፦ ሰብሳቢዋ «ተናገረች» ተብላ ጀምራ ከሦስት ዐረፍተ ነገር በኋላ «አሳሰበ» ብትሆን ሞዴሉ ማን እንደተናገረ ጠፍቶታል። ሦስተኛውና ዋናው አሉታ ነው። «ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ገብቶ «ተቀባይነት አገኘ» ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ በአማርኛ የውሳኔው ሁሉ ክብደት ያለው በ«አል» እና በ«ም» ላይ ነውና። ዐረፍተ ነገሩ እንከን ስለሌለበት ዓይን ያልፈዋል። እኔ ማንኛውንም አዲስ ሞዴል መጀመሪያ የምፈትነው አምስት «አል…ም» የታጨቀበት አንቀጽ ሰጥቼ ነው። ከአምስቱ አንዱን ከገለበጠ ለቃለ ጉባኤ አልጠቀምበትም።

ረጅሙን ቃለ ጉባኤ ደግሞ መያዣውን ቢያሰፉትም በአንድ ጊዜ አይጫኑበት። በአጀንዳ ይከፋፍሉት፣ እያንዳንዱን ለብቻ ያሳጥሩ፣ ከዚያ ማጠቃለያዎቹን አንድ ላይ ያድርጉ። ትንንሽ ሞዴሎች መካከል ላይ ያለውን ነገር የመዝለል ጠባይ አላቸው።

ስለ ምስጢሩ፦ ሞዴሉ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ዋይፋዩን አጥፍተው ጥያቄ ይስጡት፤ ከመለሰ እዚያው ማሽንዎ ላይ ነው የሚሠራው። ኦላማ ላይ ስማቸው ክላውድ ብሎ የሚያልቅ ሞዴሎች አሉ፤ እነሱ ከውጭ ሰርቨር ላይ ስለሚሠሩ አይንኳቸው። ፈቃዱንም አንዴ ያንብቡት፤ ክዌን 3 አፓቼ 2.0 በሚባለው ልቅ ፈቃድ የተለቀቀ ስለሆነ ለሥራ መጠቀም አያስቸግርም፣ ጄማ 3 እና ላማ 3.1 የየራሳቸው ውል አላቸው።

ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ አዲስ ላፕቶፕ ሳይሆን ራም ይጨምሩ። አሁን ያለው 16 ጊጋ በአንድ ራም ከሆነ፣ ሁለተኛ ባለ 16 ጊጋ ቢሰኩ የማንበብ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፤ አጠቃላዩም 32 ስለሚሆን ክዌን 3 ባለ 30 ቢሊዮኑ ይገባል። እሱ 30 ቢሊዮን ቢኖረውም ለእያንዳንዷ ቶከን የሚያነበው 3 ቢሊዮን ያህሉን ብቻ ነው፤ በ4 ቢት 18 ወይም 19 ጊጋ ባይት ይዞ እንደ ትንሽ ሞዴል ይፈጥናል። ከመግዛትዎ በፊት ግን የላፕቶፑን ሆድ ከፍተው ባዶ ማስገቢያ መኖሩን ይዩ፤ በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፣ የሚሰካበት ቦታ የለውም። የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ 12 ቢሊዮኑ ላይ ይቆዩ።