ልጄ ሳህን ሰበረ፤ ባለቤቱ «ቅርስ ነው» ብለው 40 ሺህ ብር ጠየቁኝ

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር ከባለቤቴና ከስድስት ዓመት ልጄ ጋር ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ የእንግዳ ማረፊያ በሆነ ጥንታዊ የሐረሪ ቤት ሁለት ሌሊት አደርን። ሻንጣ ስንሸክፍ ልጄ ነደባው (ለመቀመጫ ከፍ ተደርጎ የተሠራው መደብ) ላይ ወጥቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሸክላ ሳህን ጎተተና ሰበረው። የቤቱ ባለቤት «መቶ ዓመት ያለፈው፣ ዩኔስኮ የመዘገበው ቅርስ ነው» ብለው 40 ሺህ ብር ጠየቁኝ። በሩ ጀርባ የተለጠፈ ወረቀትም አሳዩኝ፤ «ለሚሰበር ዕቃ የቤቱ ግምት የመጨረሻ ነው» ይላል። ያየሁት ያኔ ነው። 5 ሺህ ከፍዬ፣ መታወቂያዬን ይዘውብኝ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሚመረው ልጀምር። ይከፍላሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2124 መሠረት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂው አባት ነው። «ልጅ ነው፣ አያውቅም» ማለት አያድንዎትም።

ስንት ይከፍላሉ? ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንቀጽ 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። የጉዳቱን መጠን የማስረዳት ሸክም ደግሞ የተጎዳው ሰው ነው፤ አንቀጽ 2141። ስለዚህ ሳህኑ 40 ሺህ ብር እንደሚያወጣ ማስረዳት ያለባቸው እሳቸው ናቸው። እርስዎ እንደማያወጣ እንዲያስረዱ አይጠበቅብዎትም።

«ዩኔስኮ የመዘገበው» ያሉት ነገር ልክ አይደለም። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በግንብ የታጠረችውን የጀጎልን ከተማ ነው። በየቤቱ የተሰቀለውን ሳህን አልመዘገበም። ሳህኑ በራሱ ቅርስ ነው ካሉ በአገራችን ሕግ የተመዘገበበትን ማስረጃ ያሳዩ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው በራሱ ወጪ በሚገባ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ቅርስ ነው ማለት ለባለቤቱም ግዴታ ያመጣል።

እኔም እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አድሬ አውቃለሁ። ጫማ አውልቀው ሲገቡ ቀዩ ነደባ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይጠብቅዎታል፤ ከላይ ግድግዳው በሳህንና በሰፌድ ተሸፍኗል። ለትልቅ ሰው መቀመጫ ነው፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ግን መሰላል ነው። ባለቤቱ ልጅ ይዛችሁ እንደመጣችሁ እያዩ ክፍሉን ሰጥተዋል። ውድ ነው የሚሉትን ዕቃ ልጅ በሚደርስበት ቦታ ሳያስጠነቅቁ ትተዋል። አንቀጽ 2097 ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ ጥፋት ካዋጣ ሙሉ ካሣ አያገኝም ይላል። እኔ ብሆን ክርክሬን አጥብቄ የምይዘው እዚህ ላይ ነው።

የበሩ ጀርባ ወረቀት ብዙም አያስጨንቅዎት። አንቀጽ 1686 እንደሚለው አንዱ ወገን ያዘጋጀው ጠቅላላ የውል ሁኔታ ሌላውን የሚያስገድደው አውቆ ከተቀበለው ነው። ሲገቡ ግን የፈረሙበት ቅጽ ካለ ያንን ፈልገው ያንብቡ። እዚያ ላይ ተመሳሳይ ቃል ካለ ነገሩ ይለወጣል።

መታወቂያዎን መያዛቸው ስህተት ነው። መታወቂያ ለዕዳ መያዣ የሚሆን ንብረት አይደለም። እንዲመልሱ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ለፖሊስ ያመልክቱ።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ ይደውሉላቸውና ስባሪውን እንዳይጥሉት ይንገሯቸው። የሳህኑ ጀርባ የፋብሪካ ማኅተም ሊኖረው ይችላል፤ ዕድሜውን ከማንም ምስክር በላይ የሚናገረው እሱ ነው። ፎቶ ይላኩልዎት። ከዚያ ሁለታችሁም የምታምኑት፣ የጥንት ዕቃ የሚያውቅ ሰው ይገምተው።

ስትነጋገሩም በይቅርታ ይጀምሩ። ሳህኑ የእናታቸው ወይም የአያታቸው ሊሆን ይችላል፤ ሐዘናቸው እውነት ነው። ሐረር ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለዎት ሽማግሌ አድርገው ይላኩ። ለዚህ ገንዘብ ፍርድ ቤት መመላለስ ሁለታችሁንም ያከስራል። ከተስማማችሁ የከፈሉት 5 ሺህ ይታሰብልዎት፤ ቀሪውን መታወቂያው እጅዎ ሲገባ ይክፈሉ። ደረሰኙ ላይም «ስለዚህ ሳህን ከዚህ በኋላ የምጠይቀው የለም» ብለው ይፈርሙልዎት።