ጥያቄና መልስ፦ ሮቦቱ ያለበትን ሲስት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የምንማር አራት ተማሪዎች ነን። በቡና ማድረቂያ አልጋዎች መካከል ብቻውን እየተመላለሰ እርጥበት የሚለካ ባለሁለት ጎማ ሮቦት ሠርተናል። ላብራቶሪ ውስጥ እንደ ልቡ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ስናወጣው ግን አሥር ሜትር ሳይሞላ መስመር ይስታል፤ አንዳንዴ የአልጋ እግር ይገጫል፣ አንዳንዴ ባዶ ቦታ ላይ ተገትሮ ይቀራል። የጎማው ዲያሜትር 6.5 ሳ.ሜ.፣ በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 15 ሳ.ሜ.፣ የጎማውን ዙር የሚቆጥረው ኢንኮደር ባለ 20 ቀዳዳ ነው። ከፊት በድምፅ አስተጋባ ርቀት የሚለካ ኤችሲ-ኤስአር04 አልትራሶኒክ አለው። የተሻለ ሴንሰር እንግዛ?

መልስ፦ ገንዘባችሁን አትፍጁ፤ መጀመሪያ ሂሳቡን እንይ። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 20.4 ሳ.ሜ. ይሄዳል፤ ስለዚህ የኢንኮደሩ አንድ ምት 1 ሳ.ሜ. ገደማ ነው። አንዱ ጎማ ተንሸራቶ አንዲት ምት በትርፍ ብትቆጠር የአቅጣጫው ስህተት 3.9 ዲግሪ ይሆናል። በዚያው 10 ሜትር ከሄደ 68 ሳ.ሜ. ወደ ጎን ወጥቷል፤ መተላለፊያው አንድ ሜትር ቢሰፋ እንኳ አልጋው ሥር ገብቷል ማለት ነው። የጅማ ጭቃ ደግሞ ማንሸራተት ብቻ ሳይሆን ይለጠፋል። በአንድ ጎማ ዙሪያ 1 ሚ.ሜ. ጭቃ ቢይዝ ዲያሜትሩ በ3 በመቶ ያድጋል፤ ሮቦቱም በየሜትሩ 12 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል። ጎማውን ሊነካ የደረሰ የቆርቆሮ መፋቂያ ግጠሙለት። ለአቅጣጫ ርካሽ ጋይሮ (የመዞር ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር) ጨምሩ፤ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ የሚሰጠውን ንባብ አማካይ ወስዳችሁ ቀንሱለት፤ ሙቀት ሲለዋወጥ ስለሚዛነፍ ሮቦቱ በቆመ ቁጥር ይህን ድገሙት።

አልትራሶኒኩ የሚሳሳትበት ምክንያት ሌላ ነው። ክብ የባህር ዛፍ እግር ድምፁን ወደ ጎን ይበትነዋል፣ ጆንያ ደግሞ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ያለውን የለም ይላል። ዝቅ ብሎ ከተገጠመ የሣርና የጓል አስተጋባ ይመለስለታል፤ ባዶ ቦታ ላይ መገተሩ ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከመሬት 20 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ አድርጋችሁ በትንሹ ወደ ላይ አዘንብሉት። በሁለት ልኬቶች መካከል ቢያንስ 60 ሚሊሰከንድ ይለፍ፤ አለበለዚያ የቀደመውን አስተጋባ የአሁኑ አድርጎ ይሰማል። የድምፅ ፍጥነት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.6 ሜትር በሰከንድ ስለሚጨምር፣ በ12 ዲግሪ ጠዋት የተስተካከለ መለኪያ በ28 ዲግሪ ቀትር በሁለት ሜትር ላይ 6 ሳ.ሜ. ያህል ይስታል።

የላብራቶሪው ኮዳችሁ ኢንኮደሩ የሚለውን ሁሉ እንዳለ ያምናል፤ ዋናው ችግር ይህ ነው። ሮቦቱ ከቦታው ጋር የጥርጣሬውን መጠን በቁጥር ይዞ መዞር አለበት። በመተላለፊያው ጫፍ 40 በ40 ሳ.ሜ. የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ አቁሙ። እንበል ኢንኮደሩ ሰሌዳው ጋ ለመድረስ 200 ሳ.ሜ. ይቀራል ይላል፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ (የጥርጣሬው መጠን) 10 ነው፤ አልትራሶኒኩ 212 ይላል፣ የእሱ 5 ነው። በካሬ 100 እና 25 ናቸው። 100 ለ125 ሲካፈል 0.8 ይሆናል፤ ይህ ለአልትራሶኒኩ የምትሰጡት ክብደት ነው። የ12ቱን ልዩነት በ0.8 አባዝታችሁ 200 ላይ ስትደምሩ 209.6 ታገኛላችሁ። አዲሱ ጥርጣሬ በካሬ 20፣ ማለትም 4.5 ሳ.ሜ. ነው፤ ከሁለቱም ያንሳል። ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው ማጣሪያ በአንድ መስመር ላይ ሲሠራ ይኸው ነው። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት ከ33 ሳ.ሜ. (ከ125 ስኩዌር ሩት ሦስት እጥፍ ገደማ) ከበለጠ ግን ልኬቱን ጣሉት፤ ምናልባት ያየው ሰሌዳውን ሳይሆን የሚያልፍ ሰው ነው።

5 እና 10 የሚሉትን ቁጥሮች ከእኛ ምሳሌ አትገልብጡ። አልትራሶኒኩን በ1 እና በ2 ሜትር ላይ አቁማችሁ መቶ መቶ ንባብ ውሰዱ። ሮቦቱን ደግሞ እዚያው ጭቃ ላይ 5 ሜትር አሥር ጊዜ ነድታችሁ በሜትር ለኩ። የኢንኮደሩን ጥርጣሬ አሳንሳችሁ ከሰጣችሁት ማጣሪያው በራሱ ይመካና ሴንሰሩን መስማት ያቆማል፤ ሰሌዳው ፊት ለፊቱ እያለ ዘው ብሎ ይሄዳል። ቆሞ ሳለ ያንኑ የተሳሳተ አስተጋባ መቶ ጊዜ ብትመግቡትም ጥርጣሬው ያለ አግባብ ይጠፋል፤ ስለዚህ በቆመበት ማጣሪያውን አታድሱ።

መንገድ ለመምረጥ ኤ-ስታር ይበቃችኋል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ከሼኪ ሮቦት ሥራ ጋር ተያይዞ የወጣ ዘዴ ነው። ነገር ግን አጭሩን መንገድ ሲፈልግ የአልጋ እግር ይታከካል። በካርታው ላይ እያንዳንዱን እግር በሮቦቱ ግማሽ ስፋት፣ ሲደመር በጥርጣሬው እጥፍ አወፍሩት። ግማሽ ስፋቱ 12 ሳ.ሜ. ቢሆን፣ በ4.5 ጥርጣሬ 21፣ በ10 ደግሞ 32 ሳ.ሜ. ይሆናል። መተላለፊያው ካርታው ላይ ከተዘጋ ቆሞ ሰሌዳውን ይፈልግ እንጂ በእውር ድንብር አይግባ። ፍጥነቱም አብሮ ይቀንስ፦ በ0.5 ሜትር በሰከንድ የሚሄድ፣ ለማሰብ 0.3 ሰከንድ የሚፈጅና ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ0.5 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ የሚቆም ሮቦት 40 ሳ.ሜ. ያስፈልገዋል።

የሞተሩን ቁጥጥር በሰከንድ 50 ጊዜ፣ መንገድ መምረጡን አንዴ አሂዱ። አስተጋባ የሚጠብቀው የአርዱዪኖ (የመቆጣጠሪያ ቦርዱ) ትእዛዝ ካልተገደበ እስከ አንድ ሰከንድ ሊጠብቅ ይችላል፤ የሞተሩን ቁጥጥር እንዳያዘገይ 15,000 ማይክሮሰከንድ ላይ ገድቡት።

ጥያቄ፦ በቡና ጥላ ዛፍ ሥር ለሚሠራ ሮቦት ጂፒኤስ ይበቃኛል? (ከጅማ)

መልስ፦ አይበቃዎትም። ተራ መቀበያ ክፍት ሰማይ ሥር 2.5 ሜትር ያህል ይስታል፤ ቅጠል ሥር ይብሳል። ሮቦቱ የትኛው ማሳ ውስጥ እንዳለ ለማወቅ ይጠቀሙበት። ረድፍ ለመለየት ግን ቀለም የተቀቡ ካስማዎች ተክለው በካሜራ ቢያስቆጥሩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ሲነሳ ቦርዱ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል፤ ከዚያ ሮቦቱ መነሻው ላይ ያለ ይመስለዋል። (ከጅማ)

መልስ፦ ሞተሩ ሲነሳ የባትሪውን ቮልቴጅ ስለሚጥለው ነው። ሞተሩን የሚነዳው ኤል298ኤን ራሱ 2 ቮልት ገደማ ይበላል። ለቦርዱ የራሱን ቮልቴጅ ማረጋጊያ ይስጡት፣ ግራውንዱን ያገናኙ፣ በሞተሩ መስመር ላይ 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይጨምሩ። ኮዱ ሲነሳ ቦታውን ዜሮ፣ ጥርጣሬውንም ዜሮ እያደረገ ከሆነ እሱንም ያርሙ፦ የመጨረሻውን ቦታ ከቋሚ ሜሞሪው ያንብብ፣ ጥርጣሬውን ግን ሁለት ሜትር ያድርግ። ወደ ሜሞሪው መጻፍ ያለበት እንደ ሰሌዳ ወይም ካስማ ያለ ምልክት ጋ ሲደርስ ብቻ ነው፤ የአርዱዪኖ ኡኖው 100,000 ጊዜ ለመጻፍ የተሠራ ስለሆነ በየሰከንዱ ከተጻፈበት ያ ቁጥር በ28 ሰዓት ያልቃል።