ስንቁ፣ ስልኩና እናቱ፦ የዘማች ፍቅረኞች ጥያቄ

ሰዋቸው ግንባር ካለ የድሬዳዋና የሐረር ሴቶች የደረሱን ጥያቄዎች ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናል።

«ዳቦ ቆሎ ሠርቼ በሰው እጅ ላክሁለት። ሻግቶ ደረሰኝ አለ። የድሬ ሙቀት ነው?» (ከሳቢያን)

ሙቀቱን አትውቀሺው፤ የድሬ ደረቅ አየር እንዲያውም ለስንቅ ይመቻል። ያበላሸው ውስጡ የቀረው እርጥበት ነው። ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 1 የቡና ስኒ ዘይትና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል፤ በርበሬው እንደ አፉ። ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረግሽ ከዳቦ ሊጥ ጠንከር አድርገሽ እሺው፣ እንደ እርሳስ አቅጥነሽ ከሽምብራ ፍሬ ሳታስበልጪ ቁረጪው። ሥራው ያለው ምጣዱ ላይ ነው፦ ሳትከምሪ፣ በመጠነኛ እሳት፣ እጅሽን ሳታሳርፊ አምሺው። እሳቱ ከበረታ ላዩ ይጠቁርና ልቡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ የአንቺም በዚህ የሻገተ ይመስለናል። አንዷን ፍሬ አቀዝቅዘሽ ስበሪያት። «ቀጭ» ካለች ደርሳለች፤ መሀሏ ከተለመጠ ሁሉንም ወደ ምጣዱ መልሺ። ከዚያ ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ይደር። በትኩሱ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ ያልበዋል።

ጭኮ ስለመላክ ለጠየቃችሁን የሐረር ልጆች፦ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬ ሲደርስ ቅቤው ይቀልጥና የተጓዡን ሻንጣ ያጠጣል። ደረቁን በሶና ስኳሩን ለየብቻ ላኩ።

«ከደወለ 3 ሳምንት አለፈው። ትናንት አንድ ሰው ደውሎ ‹አዛዡ ነኝ፣ ቆስሏል፣ ለሕክምና በቴሌብር ብር ላኪ› አለኝ። ምን ላድርግ?» (ከከዚራ)

ሳንቲም እንዳትልኪ! የቆሰለ ወታደር የሚታከመው በሠራዊቱ ነው፤ አዛዥ ከቤተሰብ የሕክምና ብር አይለምንም። ስሙን ከነአባቱ መጥራቱ አያሳምንሽ፣ ፌስቡክ ላይ ይገኛል። ፌስቡክ የማያውቀውን ጠይቂው፦ እናቱ ቤት በምን ስም ይጠሩታል? ከተቆጣና «ጊዜ የለም» ካለ ዝጊው። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርሽንም ለማንም አትንገሪ። በዩኒፎርም ያለ ፎቶውን ለጥፈሽ ከሆነ ዛሬውኑ አውርጂው፤ እንዲህ ያለው ደዋይ የሚቃርመው ከዚያ ነው።

ዝምታው ብቻውን ክፉ ወሬ አይደለም። ኔትወርክ ይቋረጣል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ስልክ ይከለከላል። ሲደውል «የት ነህ?» አትበዪው፤ «በላህ? ተኛህ?» በቂ ነው።

«ሽማግሌ ሳይላክ ዘመተ። እናቱን ብጠይቅ ነውር ነው?» (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

ነውሩስ ባዶ እጅ መሄዱ ነው። ግማሽ ኪሎ ቡናና 1 ኪሎ ስኳር ይዘሽ በእሑድ ከሰዓት ሂጂ። «እጮኛው ነኝ» ብለሽ አትጀምሪ፤ «የልጅዎ ወዳጅ ነኝ፣ ልጠይቅዎት ነው» ካልሽ የቀረውን ራሳቸው ይረዱታል። ሰፈር ውስጥ የሰማሽውን የግንባር ወሬ ይዘሽላቸው እንዳትገቢ። ስትወጪ ግን ስልክ ተለዋወጡ፦ ቀድሞ የተደወለለት ለሌላው በዕለቱ ይንገር። ቡና ማፍላቱን ለሁለተኛው ጊዜ አቆዪው፤ በመጀመሪያው ቀን ጓዳ መግባት ለእሳቸውም ይከብዳል።

«2 ዓመት አብረን ኖረናል፣ አልተጋባንም። የባንክ ካርዱን ትቶልኛል። አንድ ነገር ቢሆንስ?» (ከገንደ ቆሬ)

ጥያቄው ይመራል፣ መልሱም እንደዚያው። ካርድ መብት አይደለም፤ ውክልና ቢሰጥሽ እንኳ ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ሀብት የጋራ የሚሆነው ቢያንስ 3 ዓመት ከቆዩ ነው፤ ቢቆዩም አንዱ የሌላው ወራሽ አይሆንም። በእጁ ያለው መንገድ ኑዛዜ ነው፦ ሙሉውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ቃል አስፍሮ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ማኖር። በስልክ የነገረሽ ቃል አይተካውም።

«እሱ ግንባር እያለ መጋባት ይቻላል?» (ከዚያው)

መርሁ ሁለታችሁም ተገኝታችሁ ፈቃዳችሁን መስጠታችሁ ነው። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ግን ከባድ ምክንያት ካለና የተጋቢው ሙሉ ፈቃድ ከተረጋገጠ ፍትሕ ሚኒስቴር በእንደራሴ (በቦታው በሚቆም ወኪል) መጋባትን ሊፈቅድ እንደሚችል ይናገራል። ሐረር ያላችሁ የክልሉን የቤተሰብ ሕግ እዚያው ጠይቁ። ፈቃድ የሚመጣበት ወረፋ ከፊታችሁ ስላለ፣ 10 ቀን እረፍት የሚያገኝ ከሆነ ያንን መጠበቁ ይቀላል፤ ጋብቻውን ለሚመዘግበው የክብር መዝገብ ሹም ግን ከ1 ወር በፊት ማሳወቅ ስላለባችሁ የእረፍቱን ቀን ቀድሞ ይንገርሽ።