ከሁለት አምባ የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቼ ከደሴ ግርግር ልርቅ ነው። ኩታበር አካባቢ ካለ ኮረብታና ተንታ በኩል ካለ አምባ የቱን ልምረጥ? ሁለቱም ጸጥ ያሉ ናቸው።

መልስ፦ በእርስዎ ዕድሜ ለሐኪም ቤት የሚቀርበው ኩታበር ይበልጣል፤ ውሃው ካላሳጣዎት። ክረምቱ ሳይገባ፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ ምንጩ ጋ ሄደው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በሰዓት ይያዙ። 10 ደቂቃ ከፈጀ በሰዓት 120 ሊትር ብቻ ነው፤ ያውም ለመንደሩ ሁሉ። በ40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል እስከ 400 ሊትር ይወርዳል። የመጀመሪያውን ዝናብ ግን አያጠራቅሙ፤ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ይመጣል። ቤቱን ረባዳ ላይ አይሥሩ፤ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት እዚያ ስለሚተኛ ውርጩ ይጠናል። መንገዱን ደግሞ በነሐሴ ጭቃ ይዩት፤ በጥር ሁሉም መንገድ ጥሩ ነው።